ሦስት ወር ተኩል ተራራ ላይ፣ ስምንት ወር ተኩል ቤት

«ጋሼ፣ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ዕድሜዬ 25 ነው። በ2014 ዓ.ም. በተፈጥሮ ሀብት አያያዝ ተመርቄ ሁለት ዓመት ያለ ሥራ ከተቀመጥኩ በኋላ በአንድ የተፋሰስ ልማት ፕሮጀክት ቀያሽና የሥራ ተቆጣጣሪ ሆኜ በውል ተቀጠርኩ። ውሉ በየዓመቱ ከታኅሣሥ አጋማሽ እስከ መጋቢት መጨረሻ ብቻ ነው። ይኸው ሁለተኛው ወቅትም አለቀ፤ ዕቃዬን አስረክቤ ቤት ገባሁ። የምኖረው ከእናቴ ጋር ነው። ቤቱን ቀጥ አድርጎ የያዘው ባጃጅ የሚነዳው ወንድሜ ሲሆን «የሦስት ወር ሥራ ሥራ አይባልም» ይለኛል። ሀዋሳ አንድ ሆቴል ውስጥ ዓመቱን ሙሉ ደመወዝ ያለው የገንዘብ ተቀባይነት ቦታ ተገኝቶልኛል፤ መልስ የሚፈልጉት እስከ ፋሲካ ማግሥት ነው። በሌላ በኩል ቀበሌያችን እኛው ካለማነው ተራራ ላይ ከፊሉን ለተደራጁ ወጣቶች ሊሰጥ ስለሆነ «ስምሽን አስገቢ» ብለውኛል።

ለማንም ያልነገርኩት ሌላ ነገር አለ። የሠራነው የአፈር እርከን 14 ኪሎ ሜትር ሆኖ ሳለ፣ ኃላፊዬ በመዝጊያው ሪፖርት ላይ 22 ብዬ እንድጽፍ በቃል አዘዘኝ። ጻፍኩ፤ ፈረምኩም። አሁን የበልጉ ዝናብ ጀምሯል። ማታ ሲዘንብ በቦረቦሩ ውስጥ ጎርፉን እንዲገቱ በድንጋይ የሠራናቸውን ሰባት ክትሮች እያሰብኩ እንቅልፍ አይወስደኝም። ምን ይመክሩኛል?
የውሃ ልክ ያዥዋ፣ ከወላይታ»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን አንብቤ እንደ ጨረስኩ መጀመሪያ ያደረግሁት እርሳስ አንስቶ ማስላት ነበር። የግብርናና ገጠር ልማት ሚኒስቴር በ1997 ዓ.ም. ያወጣው የተፋሰስ ልማት መመሪያ ለአንድ ኪሎ ሜትር የአፈር እርከን 150 የሰው ቀን (አንድ ሰው በአንድ ቀን የሚሠራው ሥራ) ይመድባል፤ ለድንጋይ እርከን 250። አንቺ ይህን ከእኔ በተሻለ ታውቂዋለሽ። እንግዲህ 14 ኪሎ ሜትር 2,100 የሰው ቀን ይሆናል፤ 22 ደግሞ 3,300። ልዩነቱ 1,200 ነው፤ ስልሳ ሰው ለሃያ ቀን ዶማ ይዞ ተራራ ላይ ውሏል እንደ ማለት። ስልሳው ሰው ግን የለም። የቀን ሠራተኛው መቆጣጠሪያ ቅጽ ደግሞ በራስሽ እጅ ጽሕፈት ተሞልቶ ከሪፖርቱ ጋር በአንድ ፋይል ውስጥ ተቀምጧል። ሐሰቱን ለማወቅ የፈለገ ሰው ተራራ መውጣት አያስፈልገውም፤ ማካፈል ከቻለ ይበቃዋል።

ይህን የምልሽ ላስፈራራሽ አይደለም። እኔም ፈርሜያለሁ።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአንድ ደጋ ቀበሌ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ነበርኩ። ወሩ ሊያልቅ አራት ቀን ሲቀረው የጎደለውን ኮታ ለመሙላት በአንድ ኮረብታ ወገብ ላይ 600 ሜትር ያህል እርከን በዓይን ግምት አስቆፈርኩ። ገመዱን ለመዘርጋትና የውሃ ልኩን ለማየት ጊዜ የለም ተባለ፤ እኔም አልተከራከርኩም። ከማዶ ሆነው ሲያዩት የሚያምር እርከን ነበር። ሐምሌ ውስጥ አንድ ሌሊት ክፉኛ ዘነበ። ውሃው እርከኑን ተከትሎ ዝቅ ወዳለው ጫፍ ሄደ፤ እዚያ ተጠራቀመ፤ ሞላ፤ ሰበረ። አንዱ ሲሰበር ከሥሩ ያሉት በየተራ ተከተሉት። ከኮረብታው ግርጌ ባቄላ የዘሩ አንዲት ባል የሞተባቸው ሴት ነበሩ። ጠዋት ስደርስ ማሳቸው መሐል ለመሐል ተሰንጥቆ፣ እሳቸው የተረፈውን እሸት ከጭቃ እየነቀሉ በጣሳ ውሃ ያጥቡ ነበር። አንድ ቃል አልተናገሩኝም። ያ እርከን ባይሠራ ኖሮ ውሃው እንደ ድሮው በኮረብታው ላይ ተበትኖ ይወርድ ነበር፤ አንድ ቦታ ሰብስቤ የላክሁባቸው እኔ ነኝ። በሪፖርቱ ላይ ያ 600 ሜትር እስከ ዛሬ ድረስ አለ።

የአንቺ ጥፋት ከእኔ ይቀላል። የሠራሻቸው 14 ኪሎ ሜትሮች በልክ የተሠሩ መሆናቸው ከደብዳቤሽ ይታወቃል፤ የውሸት መስመር የቆፈርኩት እኔ ነኝ፣ አንቺ የጻፍሽው ወረቀት ላይ ነው። ወረቀት ግን ተራራ ይወጣል። በሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ ሲወጣ እነዚያ ስምንት ኪሎ ሜትሮች «የተጠናቀቀ» ከሚለው ዓምድ ሥር ይገባሉ። የተጠናቀቀ ቦታ ላይ የሰው ጉልበት የሚመድብ የለም። ስለዚህ ያልተነካው ተዳፋት ሳይነካ ይቀራል፤ ከእሱ የሚወርደው ጎርፍም በአንቺ 14 ኪሎ ሜትር ላይ ይወድቃል። እርከን የሚሰላው ከበላዩ ባለው ርቀት ላይ ለወደቀው ዝናብ እንጂ ለጎረቤት ተራራ ጎርፍ አይደለም። ሰባቱ ክትሮችሽ እንቅልፍ የሚነሱሽ ለዚህ ይመስለኛል፤ ከላይ ምን እንደቀረ ታውቂያለሽ። እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውሃ የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው።

ምን ታደርጊያለሽ? አደባባይ ወጥተሽ ኃላፊሽን አታጋልጪ፤ ውል ያለቀበት ሰው ጩኸት ከቂም ይቆጠራል። የበልግ ዝናብ ባለፈ ቁጥር እርከኖች ጥገና ይፈልጋሉ፤ የትኛው ተደርምሷል፣ የትኛው በደለል ሞልቷል የሚለውን የሚለይ ሰው ያስፈልጋል። «የጥገና ልየታ ላድርግ» ብለሽ ለኃላፊሽ በጽሑፍ አመልክቺ። ከዚያ ሁለት ሰው ይዘሽ ገመድ እየዘረጋሽ እያንዳንዱን መስመር ለኪ፤ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚያልቅ፣ ርዝመቱን፣ ያለበትን ሁኔታ ጻፊ። ድምሩ 14 ይመጣል። ያን ሰነድ በቀንና በፊርማ ገቢ አድርገሽ ቅጂውን ያዢ። የቀድሞውን ቁጥር ማንሣት እንኳ አያስፈልግሽም፤ አዲሱ ልኬት በራሱ ይናገራል። ኃላፊሽ አልቀበልም ካለ ቢያንስ አስተካክለሽ እንዳቀረብሽ የሚያሳይ ወረቀት በእጅሽ አለ። ለወደፊቱም 22 የሚል ቁጥር ከመጣ የሚፈርመው ያመጣው ሰው ይሁን። ምናልባት ይህ የሚቀጥለውን ውል ያሳጣኛል ብለሽ ትፈሪ ይሆናል። ሊያሳጣሽ ይችላል። ነገር ግን ቁጥሩ የተመረመረ ዕለት ፊርማው የማን እንደሆነ አስቢ፤ ኃላፊሽ በቃል ነው ያዘዘሽ።

አሁን ወደ ወንድምሽ ነገር ልምጣ። የሦስት ወር ሥራ ሥራ አይባልም ማለቱ ግማሽ እውነት አለው። የሦስት ወር ተኩል ነው የተባለው ደመወዙ ነው፤ ሥራው ዓመቱን ሙሉ ነው። የተፋሰስ ሥራ ጥር ላይ ተጀምሮ መጋቢት ላይ ያልቃል ብሎ ያስተማረን በየዓመቱ የሚደረገው የተፋሰስ ዘመቻ ነው። ጥር፣ የካቲትና መጋቢት ገበሬው ከአውድማ አርፎ ከእርሻ በፊት ፋታ የሚያገኝባቸው ወራት ስለሆኑ ቁፋሮው እዚያ ላይ ወደቀ፤ በጀቱም ተከተለው። የተቆፈረው ጉድጓድ ግን ዝናብን ይጠብቃል፣ ዝናቡ ችግኝን፣ ችግኙ ደግሞ አራሚና ጠባቂን። በሁለት ዓመት ውስጥ ክረምት ላይ ተመልሰሽ መስመሮችሽን አይተሻቸው ታውቂያለሽ? በደብዳቤሽ ስላልጠቀስሽው አላየሻቸውም ብዬ እገምታለሁ። ካየሁት ነገር ልንገርሽ፤ በየወረዳው ከወቅታዊ ውል ወጥተው ቋሚ የሆኑት ልጆች ከሌላው የበለጠ ብዙ ኪሎ ሜትር ያስቆፈሩት አይደሉም። ሐምሌ ላይ ቦት ጫማ አጥልቀው ተራራው ላይ የተገኙት ናቸው።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት በአቅራቢያሽ ወዳለው ችግኝ ጣቢያ ሂጂ። ሚያዝያ፣ ግንቦትና ሰኔ የችግኝ ጣቢያ ጭንቅ ወራት ናቸው። ወይራና ጥድን የመሳሰሉት ዘገምተኞች ባለፈው መኸር ተዘርተው አሁን ገና አንድ ስንዝር አልሞሉም፤ ሰስባንያን የመሰለው ፈጣን ዛፍ ግን አሁን ተዘርቶም ለክረምቱ ይደርሳል። ፕላስቲክ ከረጢት የሚሞላ፣ አፈር የሚያደባልቅ፣ ጥላ የሚያነሣና የሚመልስ እጅ የሚፈለገው አሁን ነው። ሦስት እጅ የአካባቢ አፈር፣ ሁለት እጅ የጫካ አፈር፣ አንድ እጅ አሸዋ እየተባለ በትምህርት ቤት የተማርሽው ድብልቅ በእጅሽ ካልገባ ምን እንደሆነ አታውቂውም። ጭብጥ አድርገሽ ስትይዢው መያዝ፣ በጣትሽ ስትነኪው መፍረስ አለበት። የችግኙ ሥር ከከረጢቱ ግርጌ ወጥቶ መሬት እንዳይዝ በየጊዜው መቁረጥ፣ ከመተከሉ በፊት ባሉት ሳምንታት ውሃውንና ጥላውን ቀነስ እያደረጉ ማጠንከር፣ ሲተከል ፕላስቲኩን ማውለቅ የሚባሉት ነገሮች ቀላል ይመስላሉ። ከነከረጢታቸው ተቀብረው የደረቁ ችግኞች በስንት ተራራ ላይ እንዳየሁ ብነግርሽ ታዝኛለሽ። የችግኝ ጣቢያ ክፍያ ከቀያሽነት ያነሰ ይሆናል፤ ምሩቅ ነኝ ብለሽ አትናቂው። ሁለት ወር ተኩል እንኳ ቢሰጡሽ ከስምንት ተኩሉ ባዶ ወር ላይ ቀነስሽ ማለት ነው።

ከዚያ ሐምሌ ተከላ ነው። የደሾ ሣር ግንጣይ በእርከኑ ትከሻ ላይ የሚተከለውም መሬቱ በደንብ ሲርስ ነው፤ ደሾ ደግሞ ከጨንቻ የተነሣ የጎረቤታችሁ ሣር ነው፣ ከእናንተ በላይ የሚያውቀው የለም። መስከረምና ጥቅምት ላይ አረምና ቆጠራ ይመጣል። ቆጠራው ላይ ትንሽ ልቆይ። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ሲነገር አገሩ ሁሉ ቁጥር ተማረ። የተተከለውን መቁጠር ከዚያ ወዲህ ባህል ሆኗል፤ የጸደቀውን የሚቆጥር ግን አሁንም ጥቂት ነው። አንቺ የራስሽን ደብተር ግዢ። በአንድ እርከን ላይ መቶ ጉድጓድ ለይተሽ፣ ጥቅምት ላይ ስንቱ በሕይወት እንዳለ፣ የካቲት ላይ ደግሞ ስንቱ በጋውን እንደተሻገረ ጻፊ። የትኛው ዛፍ፣ በየትኛው የተራራው ፊት፣ በምን ዓይነት አፈር። ሁለት ዓመት የተሞላ እንዲህ ያለ ደብተር ይዞ ለቃለ መጠይቅ የሚቀርብ ሰው አላጋጠመኝም፤ ቢያጋጥመኝ ሌላ ጥያቄ አልጠይቀውም ነበር።

ኅዳር ላይ ዘር ለቀማ አለ። ዋንዛ፣ ግራር፣ ወይራ መቼ እንደሚደርስና ከየትኛው ዛፍ እንደሚለቀም የሚያውቅ ሰው በየመንደሩ አንድ ሁለት ብቻ ነው፤ አብዛኞቹም ሽማግሌዎች ናቸው። ተጠግተሽ ተማሪ።

የተራራው መሬት ነገር ከሁሉም በላይ ያጓጓኛል፤ የምጠነቀቅልሽም እሱ ላይ ነው። መጀመሪያ የሚሰጣችሁ መሬት ሳይሆን የመጠቀም መብት መሆኑን እወቂ። ስምሽን ከማስገባትሽ በፊት ወደ ተራራው ሥር ሄደሽ ከመከለሉ በፊት ከብቱን እዚያ ያሰማራ የነበረው ማን እንደሆነ ጠይቂ። ሣሩ አገግሞ ጉልበት የደረሰው የእነዚያ ሰዎች ከብት ታስሮ ስለዋለ ነው። እነሱን ያላስማማ ማኅበር አጥር ቢያጥር፣ ዘበኛ ቢቀጥር ውሎ አያድርም፤ አንድ ሌሊት መቶ ከብት ከገባ የሦስት ዓመት ሣር ያልቃል። ሽማግሌዎቹ «ልጅት» እያሉ ቢጠሩሽም ተቀመጪና አዳምጪ። ከሣሩ የተወሰነ ድርሻ ለቀድሞዎቹ ተጠቃሚዎች የሚል አንቀጽ በመተዳደሪያ ደንባችሁ ላይ ቢገባ ከዘበኛ ደመወዝ ይረክሳል።

ሁምቦ ከአንቺ ሩቅ አይደለም። ከሃያ ዓመት ገደማ በፊት በወርልድ ቪዥን ድጋፍ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ ከልቅ ግጦሽና ከከሰል አክሳይ ተከልሎ ሲያገግም አብዛኛው ዛፍ የመጣው ከችግኝ አልነበረም። ተቆርጦ ከቀረው ጉቶ ነው። ከጉቶው ከሚያቆጠቁጠው ብዙ ቀንበጥ ጠንካራ ጠንካራውን መርጦ ማስቀረት፣ የቀረውን መግረዝ፣ ከብት ማራቅ፤ ሥራው በአብዛኛው ይኸው ነበር። ሥሩ መሬት ውስጥ በሕይወት ነበረ። ተራራው ለሰባት ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተሰጥቶ፣ በ2002 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የንጹሕ ልማት አሠራር ተመዝግቦ የካርቦን ሽያጭ ገንዘብ፣ ማለትም ዛፎቹ ከአየር ለሚይዙት ካርቦን የሚከፈለው፣ ለማኅበራቱ ገባ። እናንተ የካርቦን ገንዘብ አትጠብቁ፤ ያ ረጅም የወረቀት መንገድ አለው። ነገር ግን አንድ ቀን የአውቶቡስ ሂሳብ ከፍለሽ ሂጂና ሁለት ነገር ጠይቂ፤ መተዳደሪያ ደንባቸውን እንዲያሳዩሽ፣ እና ሣሩን በየትኛው ወር እንዴት እንደሚከፋፈሉ። በራሳችሁ ተራራ ላይም ችግኝ ከመቅበራችሁ በፊት ጉቶ ቁጠሩ።

የመንዝ ሰዎች የጓሳን ሣር ቄሮ በሚባል ባህላዊ የጋራ አጠባበቅ ሥርዓት ለዓመታት እየዘጉ፣ ለጥቂት ጊዜ እየከፈቱ ለዘመናት አቆይተውታል፤ ፕሮጀክትም ሆነ ሎጎ ያለው ኮፍያ አልነበረም። የኮንሶ እርከንም በ2003 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ የሰፈረው በየወቅቱ የተናደውን ድንጋይ መልሶ የሚደረድር ባለቤት ስላልጠፋ ነው። በመንዝም በኮንሶም ተራራው ማን መቼ ምን እንደሚወስድ በሚያውቁ ሰዎች እጅ ነበር። የእናንተ ማኅበር ወረቀት ይህን ካልመለሰ አትፈርሚ። የወሰኑ ንድፍ ካርታ፣ የመብቱ ዘመን ርዝመት፣ አባል ሲለቅ ድርሻው ምን እንደሚሆን፣ የጥበቃው ወጪ ከየት እንደሚመጣ፤ እነዚህ በጽሑፍ ይኑሩ። አባላቱም ጥቂትና እዚያው የሚኖሩ ይሁኑ። ሠላሳ ስም ያለበት፣ ሥራ ቀን አራት ሰው የሚገኝበት ማኅበር ብዙ አይቻለሁ።

ገቢውን በተመለከተ የመጀመሪያው ዓመት ሣር ብቻ ነው። በወላይታ ሣር ትንሽ ነገር አይደለም፤ ለመስቀል የሚደልበው ሠንጋ በነሐሴ ምን እንደሚበላ እናትሽን ጠይቂያቸው። አጭዶ ተሸክሞ መሸጥ እንጂ ማስጋጥ የለም። ሁሉንም ግን ነሐሴ ላይ አትጨዱት፤ ዘሩን ሳያራግፍ የታጨደ ሣር በሚቀጥለው ዓመት እየሳሳ ይሄዳል፣ ስለዚህ ከፊሉ ጥቅምትን ይይ። ንብ ከዚያ በኋላ ይመጣል፤ አበባው ሳይበዛ ዘመናዊ ቀፎ በብድር አትግዙ። ወንድምሽም ባጃጄ ሣር አይጭንም እንደማይል ተስፋ አደርጋለሁ።

ሆቴሉስ? ደመወዙ የታወቀ ነው፤ ዝናብም ፀሐይም የለበትም። ቤታችሁ በአንቺ ገቢ የሚያድር ቢሆን ኖሮ ዛሬውኑ ሂጂ እልሽ ነበር። አይደለም፤ ወንድምሽ አለ። ስለዚህ ምክሬ አንድ ዓመት ቆዪ ነው። የምትቆዪው ግን በወንድምሽ ትከሻ ላይ ስለሆነ እንደ ዕዳ ቁጠሪው። አስቀምጠሽ አነጋግሪው፤ «እስከ ሚቀጥለው ፋሲካ ስጠኝ፣ እስከዚያ ይህን ይህን አደርጋለሁ» በይው፤ ቀን ያለው ቃል ከልመና ይሻላል። ሰኔ መጨረሻ ላይ ችግኝ ጣቢያው እምቢ ካለሽ፣ የተራራው ውልም ገና «በሂደት ላይ ነው» ከተባለ፣ ያን ጊዜ ሀዋሳ ሂጂ። ይኸኛው ቦታ ቢያመልጥሽ ሀዋሳ ሆቴል አያጣም። ታኅሣሥ ላይ ሥራ ለቀሽ ለሦስት ወር ተራራ ለመመለስ ግን የሚፈቅድልሽ የሆቴል ባለቤት የለም፤ ከሄድሽ ሄድሽ ነው፤ ይህን አውቀሽ ሂጂ።

አንድ የወረቀት ነገር ቀርቷል። ሁለቱን ወቅቶች ስትጨርሺ የሥራ ልምድ ማስረጃ ወስደሻል? ካልወሰድሽ ነገ ሂጂ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በየዓመቱ እየተደጋገመ የሚመጣ ወቅታዊ ሥራን ለተወሰነ ጊዜ በሚደረግ ውል እንዲሠራ ይፈቅዳል፤ ወቅታዊ ነሽ ተብሎ ግን ማስረጃ አይከለከልም። አሠሪ ሠራተኛው ውሉ ሲቋረጥ ወይም በጠየቀ ጊዜ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ ያለ ክፍያ የመስጠት ግዴታ አለበት። ቀጣሪሽ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሆነ የሚመለከትሽ የመንግሥት ሠራተኞች ሕግ ነው፤ ማስረጃውን ከመጠየቅ ግን ወደኋላ አትበይ። በማስረጃው ላይ «የቀን ሠራተኛ» ተብሎ እንዳይጻፍ ተጠንቀቂ። ቀያሽና የሥራ ተቆጣጣሪ፣ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን። ሁለት ወቅት ሰባት ወር ነው፤ ችግኝ ጣቢያው ሲጨመርበትና ሦስተኛው ወቅት ሲመጣ ከአንድ ዓመት ያልፋል። «አንድ ዓመት የሥራ ልምድ» የሚለውን ማስታወቂያ እያየሽ ማለፍሽ ያኔ ያበቃል።

ዝናብ ሲዘንብ ስለ ክትር እያሰበ እንቅልፍ የሚያጣ ሰው ሆቴል ውስጥ ሂሳብ ቢያዛባ እንደማይገርመኝም ልንገርሽ።

እነዚያን ሰባት ክትሮች በተመለከተ፣ የሚቀጥለው ኃይለኛ ዝናብ ሲያባራ ወጥተሽ እያቸው። ቦረቦሩ ውስጥ አትግቢ፤ ከአፋፉ ሆነሽ ተመልከቺ። ውሃው ዝቅ ብሎ በተተወለት መሐለኛው መተላለፊያ እየዘለለ ከሆነ ጥሩ ነው። በትከሻው በኩል ጥግ ጥጉን እየላሰ ከሆነ ግን ክንፉ ወደ ዳርቻው በበቂ ሁኔታ አልገባም ማለት ነው፤ ሌላ ሁለት ዝናብ ሳይደርስበት ድንጋዩ ወደ ዳርቻው ጠልቆ መቀበር አለበት። ከታችኛው ክትር መተላለፊያ ጫፍ እስከ ላይኛው እግር ድረስም ገመድና የውሃ ልክ ዘርጊ። ሁለቱ ትክክል ካልሆኑና የላይኛው እግር ከፍ ብሎ ከቀረ በመካከላቸው አንድ ስምንተኛ ክትር ይጎድላል። ልኩን መልሰሽ አስረክበሻልና በዚያ ቀን ከወረዳው ተዋሺ፤ ከመጠቀምሽ በፊት በአንድ ቦታ ላይ ጫፍና ጫፉን አዟዙረሽ እይው፣ አረፋው ከቦታው ከተንቀሳቀሰ ልኩ ራሱ የተበላሸ ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ገመዱን ያወዛውዛልና ጠዋት ይሁን። ያየሽውን ጻፊልኝ።